ሥራን ከነሐሳቡ መካፈል፦ ለእናትና ለአባት የቤትና የልጅ ኃላፊነት አከፋፈል መመሪያ

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ ወይም በመሰል ከተማ ለሚኖሩ፣ ሁለቱም ከቤት ውጭ ሠርተው ለሚገቡና ትምህርት የጀመረ ወይም ገና ጡት ያልጣለ ልጅ ላላቸው ባልና ሚስት የተጻፈ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ብዙው አባት ልጅ ያጫውታል፣ ሲነገረው ሱቅ ይሄዳል፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ያመጣል፤ ይሁንና ሚስቱ ማታ ተናድዳ ስትተኛ ምክንያቱ አይገባውም። እኔም ለዓመታት አልገባኝም ነበር። ምክንያቱ የተካፈልነው ድርጊቱን ብቻ መሆኑ ነው። ምን እንደ ጎደለ የሚያስታውሰው፣ መቼ መደረግ እንዳለበት የሚወስነውና መደረጉን የሚከታተለው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ሌላው «ምን ላግዝሽ?» እያለ ትእዛዝ ይጠብቃል። «ማገዝ» የሚለው ቃል ራሱ ሥራው የሌላ ሰው መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል።

ይህ አስተሳሰብ ከልማድ አልፎ በሕግም ተጽፎ የቆየ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር፤ በቁጥር 646 ደግሞ ባል አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በአንቀጽ 50 ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ ልጆችን በማሳደግና በማስተማር እንዲተባበሩ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ሕጉ ከተለወጠ አንድ ትውልድ ቢያልፍም በብዙ ቤት ማታ ማታ የሚሠራበት ግን አሮጌው ቁጥር 646 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ይህን እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ያሳያሉ፤ ቅደም ተከተላቸውን ባትዘልሉ ይመረጣል።

ደረጃ 1፦ ከመነጋገራችሁ በፊት የአንድ ሳምንት መዝገብ ያዙ

አንድ ባለመስመር ደብተር ገዝታችሁ ሁለታችሁም በምታገኙበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከፍሪጅ በላይ፣ ከነእስክሪብቶው አስቀምጡ። ገጹን «ምን ተሠራ»፣ «ማን አሰበው»፣ «ማን ሠራው» እና «ስንት ሰዓት ወሰደ» በሚሉ አራት ዓምዶች ክፈሉት። ከሰኞ እስከ እሑድ የተሠራውን ሁሉ፣ ትንሽ የሚመስለውንም ጭምር፣ ጻፉበት፦ የምሳ ዕቃ ማጠብና መሙላት፣ የመምህሩን መልእክት በመገናኛ ደብተሩ ላይ አንብቦ መፈረም፣ ሰርቪሱ ሲዘገይ ሾፌሩ ዘንድ መደወል፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነሥቶ በርሜል መሙላት፣ የጠበበውን የልጅ ጫማ ማስተዋል፣ ለጎረቤት ለቅሶ ማን እንደሚሄድ መወሰን። በዚያ ሳምንት በመዝገቡ ላይ መከራከር ክልክል ይሁን፤ የረሳችሁትን አስታውሳችሁ ከመጨመር በቀር እርስ በርስ አትራረሙ።

በሳምንቱ መጨረሻ ትኩረት የሚሻው ሁለተኛው ዓምድ ነው። በእኛ ቤት መዝገቡ ሲቆጠር «ማን ሠራው» በሚለው ሥር ስሜ በብዙ ቦታ ስለ ነበር ኮራ ብዬ ነበር፤ «ማን አሰበው» በሚለው ሥር ግን ከመብራት ክፍያና ከመኪናው ጎማ በቀር የተጻፈው ሁሉ የባለቤቴ ስም ነበር። ዳቦ የገዛሁት እኔ ብሆንም ዳቦ ማለቁን ያየችው፣ ልጁ ለነገ ቁርስ እንደሚያስፈልገው ያሰበችውና ቢሮ ድረስ ደውላ ያስታወሰችኝ እርሷ ነበረች።

ደረጃ 2፦ የመነጋገሪያውን ሰዓት ምረጡ

በንዴት መካከል የተጀመረ ክፍፍል በይቅርታ ያልቃል እንጂ ለውጥ አያመጣም። ልጆች ከተኙ በኋላ ወይም እሑድ ከሰዓት፣ ዘመድም እንግዳም በሌለበት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ። ቡና ይፈላ ከተባለ ማን እንደሚያፈላ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ስለ ሥራ ክፍፍል የሚደረገውን ውይይት እርሷ እያፈላች፣ እርሱ ተቀምጦ ማካሄድ ውይይቱን ከመጀመሩ በፊት ያበላሸዋል። ንግግሩ በደብተሩ ላይ ከተጻፈው እንዲነሣ አድርጉ፤ «አንተ መቼም ቢሆን» ወይም «አንቺ ሁልጊዜ» በሚል የሚጀምር ዓረፍተ ነገር መልሱ ክርክር ነው። አንዱ ወገን በዚያ ቀን ለመስማት አቅም ካጣ፣ ሌላ ቀን ቆርጦ መለያየት ነውር የለውም።

ደረጃ 3፦ ሥራውን በክፍል ሳይሆን በሙሉ አስረክቡ

የመመሪያው ዋና ነገር እዚህ ላይ ስለ ሆነ ረዘም አድርጌ እመለከተዋለሁ። ማንኛውም የቤት ሥራ ማስተዋል፣ ማቀድ፣ መሥራትና መጨረሱን ማረጋገጥ የሚባሉ ክፍሎች አሉት። ለአንድ ሰው የተሰጠ ሥራ እነዚህን ሁሉ መያዝ አለበት፤ መሥራቱ ብቻ ከተሰጠው ተቀባዩ ታዛዥ፣ ሰጪዋ ደግሞ አዛዥ ሆነው ይቀጥላሉ፤ አዛዥነት ደግሞ ዕረፍት የለውም።

እንጀራን እንውሰድ። ምጣዱ ፊት የሚቆመው ሰው ሥራ የሚጀምረው የምጣዱ ሶኬት ሲሰካ ይመስላል፤ የእንጀራው ሥራ ግን የተጀመረው ከቀናት በፊት ነው። ጤፉ መቼ እንደሚያልቅ ታውቆ ተገዝቷል፣ ተነፍቶና ተበጥሮ ወፍጮ ቤት ሄዷል። አርብ ለመጋገር ዱቄቱ ማክሰኞ ማታ ወይም ረቡዕ በእርሾ መቦካት አለበት፤ በመጋገሪያው ቀን ከላይ የቀረረው ውኃ ተደፍቶ አብሲት ይጣላል፣ ሊጡም ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ሊጡ እንዳይኮመጥጥ ምን እንደሚደረግ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ከተጋገረ በኋላ ምጣዱ ይወለወላል፣ ለሚቀጥለው ዙር እርሾ ይቀመጣል፣ መሶቡ ውስጥ የሻገተ እንዳይቀር ይታያል። አባት «እንጀራ የእኔ ነው» ካለ ይህ ሁሉ የእርሱ ነው። ከገበያ የሚገዛ ቤተሰብም ቢሆን ስንት እንጀራ እንደሚበቃ፣ የትኛው ቀን እንደሚያልቅና ከማን እንደሚወሰድ የሚያስበው ሰው ተለይቶ ይታወቅ።

የወንድ እጅ ለምጣድ አልተፈጠረም የሚል ካለ፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የሚገኘውን፣ በዙምራ ኑሩ የተመሠረተውን የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ይመልከት፤ በዚያ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷም ታርሳለች። ደግሞም ቋንቋችን ወጥ የምታሳምረውን ሴት «ባለሙያ» ይላታል፤ ሙያ ከሆነ ትምህርት አለው ማለት ነው፣ ትምህርት ያለውን ነገር ደግሞ ወንድም ይማረዋል።

የማስረከቢያው ሥርዓት እንዲህ ይሁን፦ አስረካቢው ወገን ሥራውን አንድ ጊዜ ከመነሻ እስከ መድረሻ አብሮ ይሠራል፣ ተቀባዩ መጠኑንና ቀኑን በራሱ እጅ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ በሁለተኛው ዙር ተቀባዩ ብቻውን ይሠራል፣ ጥያቄ ካለውም ራሱ ይጠይቃል። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ማስታወስ ክልክል ነው። ተቀባዩ ረስቶ እንጀራ ካለቀ ቤተሰቡ በዚያ ምሽት ፓስታ ወይም ዳቦ ይበላል፤ የረሳው ሰው ራሱ የፈታው ችግር በሌላ ሰው ማስታወሻ ከተፈታው ይልቅ ይታወሳል።

ደረጃ 4፦ የማይዘገየውን ከሚዘገየው ለዩ

የሥራዎችን ቁጥር እኩል መክፈል ፍትሕ ይመስላል፤ አታላይነቱ የሚታየው ግን ሥራዎቹን በሰዓታቸው ስትመለከቱ ነው። መብራትና ውኃ መክፈል፣ የተበላሸ ቧንቧ ማሠራት፣ መኪና ማሳጠብ፣ ዕቁብ መጣል ወይም የዕድር ስብሰባ መሄድ በአብዛኛው ለነገ ወይም ለቅዳሜ ሊተላለፉ ይችላሉ። ልጅን ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ቀስቅሶ ማልበስ፣ ቁርስ ማብላት፣ ለሰርቪስ ማድረስ፣ ማታ ራት ማቅረብ፣ ማጠብና ማስተኛት ግን ለነገ አይባሉም። በልማድ ለአባት የሚደርሱት የሚዘገዩት፣ ለእናት የሚደርሱት የማይዘገዩት ናቸው፤ ስለዚህም ሁለቱም አሥር አሥር ሥራ ይዘው እያለ አንዷ በየቀኑ በሰዓት ታስራ ትውላለች፣ ሌላው ለራሱ በተመቸው ቀን ይሠራል።

ስለዚህ ዝርዝሩን በሁለት ቀለም አስምሩበት፤ እያንዳንዳችሁ ከማይዘገዩት ውስጥ በየቀኑ የምትይዙት ቢያንስ አንድ የጠዋትና አንድ የማታ ሥራ ይኑራችሁ። የአባት ሥራ ቦታ ሩቅ ሆኖ ማልዶ የሚወጣ ከሆነ ጠዋቱን ለእናት ትቶ ከራት እስከ መኝታ ያለውን በሙሉ ይውሰድ። በመስክ ሥራ ሳምንቱን ከከተማ የሚወጣ አባት ደግሞ በስልክ ሊይዛቸው የሚችሉትን፣ ማለትም የትምህርት ቤት ክፍያን፣ ከመምህራን ጋር መገናኘትንና የሐኪም ቀጠሮን ይረከብ፤ ሲመለስ ቅዳሜና እሑድን እንደ እንግዳ አይቀመጥ።

መለኪያችሁ የሥራው ብዛት ሳይሆን የመቀመጫ ሰዓት ይሁን። ማታ ሁለታችሁም ሥራ ጨርሳችሁ የምትቀመጡበት ሰዓት ስንት ነው? አንዳችሁ 2 ሰዓት ላይ፣ ሌላችሁ 4 ሰዓት ከግማሽ ላይ የምትቀመጡ ከሆነ፣ ወረቀቱ ምንም ቢል ክፍፍሉ እኩል አይደለም።

ደረጃ 5፦ በጥራት ልክ ተስማሙ

ብዙ ክፍፍል የሚፈርሰው «እንደ እኔ አይሠራውም» በሚል ነው። ወለል በየቀኑ ይወልወል ወይስ በሦስት ቀን አንዴ? ልጁ በየማታው ገላውን ይታጠብ ወይስ እግሩንና ፊቱን ብቻ? ለእንደዚህ ያሉ ጥያቄዎች ከሥራው ባለቤት ጋር ተነጋግራችሁ ሁለታችሁም የምትቀበሉትን ዝቅተኛ ልክ ጻፉ። ልኩ ከተሟላ በኋላ አሠራሩ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ወፍራምና ዓይን የሌላቸው ይሆናሉ፣ ወጡ ይቀጥናል፣ የልጅቷ ሹሩባ ይጣመማል። እናት በዚህ ጊዜ እቃውን ከእጁ ቀምታ እንደገና ብትሠራው ሥራውን መልሳ ወሰደችው ማለት ነው። አባትም በበኩሉ አለማወቅን መደበቂያ አያድርግ፤ ቢሮ ውስጥ አዲስ ሥራ ሲሰጠው የሚማር ሰው የልጁን የወተት መጠን መማር አያቅተውም።

ደረጃ 6፦ የልጅን ነገር ከልደቱ ጀምሮ ያዙ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ሲፈቅድ፣ ለአባት የሚፈቅደው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ልዩነቱ በራሱ ልጁን የሚያውቅ አንድ ወላጅ ብቻ እንዲኖር ያደርጋል፤ በአራተኛው ቀን ቢሮ የገባ አባት የልጁን ለቅሶ ዓይነት ከሚስቱ እየጠየቀ ይኖራል። ስለዚህ አባት የዓመት ፈቃዱን፣ በዚሁ አዋጅ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የሆነውን፣ ለዚህ ይቆጥብ። ፈቃዱን ቤቱ በአያቶችና በአክስቶች በሚሞላበት፣ ገንፎና አጥሚት ከየአቅጣጫው በሚመጣበት በመጀመሪያው ሳምንት ከመጨረስ ይልቅ፣ ጠያቂው ሲበተን ወይም እናት ወደ ሥራ በምትመለስበት ሳምንት ቢወስደው ይጠቅማል። እናት በሦስተኛው ወር ማብቂያ ሥራ ስትገባ ልጁ ጡት ብቻ የሚጠባባቸው 6 ወራት ገና አልተጠናቀቁም፤ የታለበውን ወተት ማስቀመጥ፣ ዕቃውን ማፍላት፣ ሰዓቱን መቁጠርና ወተቱ ለልጁ መሰጠቱን ከሞግዚት ጋር መከታተል አባት በሙሉ ሊይዘው የሚችል ሥራ ነው።

ማጥባት የእናት ብቻ ነው፤ በማጥባት ዙሪያ ያለው ግን አይደለም። ሌሊት ልጁን አንሥቶ ለእናቱ ማቀበል፣ ጠብቶ ሲያበቃ ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየር፣ መልሶ ማስተኛት ይችላል። ልጁ ጡጦ ከለመደ በኋላ ሌሊቱን ከ6 ሰዓት በፊትና በኋላ ብላችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ አራት ሰዓት ሳይቋረጥ የተኛ ሰው ለጠዋቱ ትዕግሥት ይተርፈዋል።

የክትባቱን ካርድ ለአባት ስጡት። ዋና ዋናዎቹ ቀጠሮዎች እንደ ተወለደ፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ኋላም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ስለ ሆኑ፣ አስቀድሞ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ለመጠየቅ የሚመቹ ናቸው። አባት ጤና ጣቢያ ሲቀርብ «እናቱስ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም፤ «ሥራ ናት» ብሎ ወረፋውን ይያዝ። በትምህርት ቤትም ቢሆን በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ስልክ ቁጥር የአባት ይሁን፤ ልጅ ሲያተኩሰው የሚደወልለት ሰው ሥራ አቋርጦ የሚወጣው ሰው ነውና፣ ይህ ትንሽ መስመር የብዙ እናቶችን የሥራ ቀን ይወስናል። የቤት ሥራ ማሠራትን በትምህርት ዓይነት ከመክፈል ይልቅ በቀን መክፈል ይሻላል፤ አለዚያ አንዱ ወገን «ሒሳብ የእኔ ነው» ብሎ የሚቀመጥበት፣ ሌላው አምስት ትምህርት የሚያሠራበት ምሽት ይበዛል።

ደረጃ 7፦ የቤት ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ያለበት ቤት

ሠራተኛ መቅጠር መሥራቱን ያቀልላል እንጂ ማሰቡን አያስቀርም፤ እንዲያውም አዲስ የማሰብ ሥራ ይጨምራል። ማን ይፈልጋታል፣ ማን ያለማምዳታል፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራ ማን ይነግራታል፣ ስትታመም ማን ያሳክማታል፣ የዕረፍት ቀኗን ማን ያከብርላታል፣ የማታ ትምህርት እንድትማር ሰዓቱን ማን ያመቻችላታል? በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው። አባት «ሠራተኛ አለችሽ አይደል?» ከማለት ይልቅ ከእነዚህ ቢያንስ ግማሹን ይያዝ፣ በተለይም ደመወዟን በቀኑ መክፈልን፣ ዕረፍቷን ማስጠበቅንና በዚያ ቀን የእርሷን ቦታ መሸፈንን። ሠራተኛዋ ድንገት ስትወጣ ከሥራ የሚቀረው ሰው ማን እንደሚሆንም አስቀድሞ ይጻፍ፤ በየተራ ቢሆን መልካም ነው።

ደረጃ 8፦ ለዘመድና ለበዓል ተዘጋጁ

አባት ልጅ አዝሎ ወይም ሽንኩርት እየከተፈ ያየችው እናቱ «ልጄን ሴታ ሴት አደረገችብኝ» ልትል ትችላለች። ደንቡ ቀላል ነው፤ ለእናቱ የሚመልሰው እርሱ፣ ለእናቷ የምትመልሰው እርሷ ናት። «እማዬ፣ ልጁ የእኔም ነው፣ ሚስቴም እንደ እኔ ደክማ ነው የገባችው፤ አንቺ ተቀመጪና ቡናሽን ጠጪ» ካለ በኋላ ሽንኩርቱን መክተፉን ይቀጥል። ሚስት እንድትመልስ ከተተወላት ግን የሥራ ጉዳይ የምራትና የአማት ጠብ ይሆናል።

በዓል ሌላው ፈተና ነው። በዶሮ ወጥ ላይ የወንዱ ድርሻ ቢላዋ ስሎ ማረድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መንቀል፣ መለብለብ፣ 12 ብልት አድርጎ ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ ኪሎ በኪሎ ሽንኩርት ልጦ መክተፍና ለሰዓታት ማቁላላት ለሴቷ ይቀራል። ይህን ሥራ በቀን ክፈሉት፦ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ገበያውንና ሽንኩርቱን አባት፣ በዋዜማው ማጠቡንና መገነጣጠሉን አባት፣ ቁሌቱንና ቅመሙን እናት፣ በዕለቱ እንግዳ መቀበልን አንዱ፣ ዕቃ ማጠብን ሌላው። ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን በሚቀረው የሑዳዴ ጾም፣ ማለትም በ55 ቀኑ፣ ለልጆች ፍስክ ለአዋቂ ጾም የሚሠራበት ቤት ሁለት ድስት ይጥዳልና፣ አንዱን ድስት አንዳችሁ ያዙ። በረመዳንም የሱሁሩ ሰው የኢፍጣሩ ሰው አይሁን።

ልጆቹም ከ6 ወይም ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ድርሻ ይኑራቸው፤ ግን ሴቷ ቡና ስታቀርብ ወንዱ ኳስ የሚጫወትበት ድርሻ አይሁን። ወንድ ልጅ ሳህኑን ያጥብ፣ ሴት ልጅም አምፖል መቀየርን ትማር።

ደረጃ 9፦ ክፍፍሉን በቀጠሮ ከልሱ

በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ደብተሩን ክፈቱና እርስ በርስ ሦስት ነገር ተጠያየቁ፦ በዚህ ወር የከበደህ ወይም የከበደሽ ሥራ የትኛው ነው? ማስታወሻ የተሰጠበት ሥራ የትኛው ነው? ማን አመሻሽቶ ተቀመጠ? ማስታወሻ በተደጋጋሚ የተሰጠበት ሥራ በትክክል አልተረከበም ማለት ስለ ሆነ፣ ወደ ደረጃ 3 መልሱት ወይም ለሌላው በሌላ ሥራ ለውጡት። አንዱ ወገን ቃሉን ካፈረሰ ሽማግሌ ከመጥራታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገብ እንደገና ያዙ፤ ሰው ስለ ራሱ ከሚያስበው ይልቅ በእጁ የጻፈውን ያምናል።

ከወርኃዊው ሌላ ሙሉ ክፍፍሉን ከሥሩ የምትመለከቱባቸውን ቀናት አስቀድማችሁ በግድግዳው ካላንደር ላይ አክብቡ፦ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ ሰኔ ላይ ልጆች ለክረምት ቤት ከመዋላቸው በፊት፣ የጾም ወራት ከመግባታቸው በፊት፣ እንዲሁም ከእናንተ አንዳችሁ ሥራ በቀየራችሁ ወይም ልጁ ጡት በተወ በሳምንቱ። በእነዚህ ቀናት አዲስ ገጽ ግለጡ፣ ዓምዶቹን እንደገና አስምሩ፣ የድሮውንም ገጽ አትቅደዱት፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር ምን እንደ ከበዳችሁ የሚነግራችሁ እርሱ ነው።